አንድ ደመና፣ ሁለት ምስክር

አራት ኪሎ ነን፤ ከሳይንስ ፋኩልቲው ብዙም የማትርቅ አንዲት ካፌ ውስጥ። የእህቴ ልጅ ፊዚክስ ይማራል። ማኪያቶው እየቀዘቀዘ ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ጋሼ፣ እስኪ ይሄን ይዩልኝ። በ2021 ‹31 ነው› አሉ። በ2024 ደግሞ ‹88 ነው› አሉ። ፕላኔቷ ያቺው ናት። የቤት ኪራይ እንኳን እንዲህ አይዘልም!»

ሳቅኩ። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛ መመለሱን ለአንባቢ ትቻለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት መቶ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቃ የምትገኝ አንዲት ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት አለች። በአየሯ ውስጥ ሁለት ዓይነት ካርቦን ተገኘ፤ ካርቦን-12 እና ካርቦን-13። ልዩነታቸው አንድ ኒውትሮን ብቻ ነው። 13ኛው ትንሽ ይከብዳል። «31» ማለት ለአንድ ከባድ ካርቦን 31 ቀላል ካርቦን ይደርሳል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲሰማ ተመራማሪዎቹ ደነገጡ። ከአካባቢያችን የሰማይ ደመናዎች ምጣኔ ግማሽ እንኳን አይሞላማ። «ከባዱን ካርቦን ያጠራቀመ በረዶ እየዋጠች ያደገች ፕላኔት ናት» የሚል ማብራሪያም ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ ልኬቱ ሲደገም 88 ሆነ። በረዶውም ቀለጠ።

እዚህ ላይ «ከአካባቢያችን የሰማይ ደመናዎች» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ዛሬ የሩቅ ፕላኔት አየር ሲለካ፣ የጅራታም ኮከብ ጋዝ ሲለካ፣ ሐምሌ 2025 መግቢያ ላይ እንደታየው ሦስተኛው የሌላ ፀሐይ እንግዳ ያለ ነገር በሠፈራችን ሲያልፍ፣ የካርቦኑ ቁጥር ከአንድ ሜትር ጋር ይነጻጸራል። ሜትሩ በአቅራቢያችን በከዋክብት መካከል ያለው ጋዝ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 68 ነው፤ ሲደመር ወይም ሲቀነስ 15። በ2005 የወጣ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያ «ሲደመር ወይም ሲቀነስ 15» ነው። በእጃችን ያለው ሜትር 53 ሊሆን ይችላል፣ 83ም ሊሆን ይችላል ማለት እኮ ነው። በእንዲህ ያለ ሜትር ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ አንድ ቀን አይውልም።

መጀመሪያ ግን ቤታችን ያለውን ካርቦን እንይ።

ምድር ላይ ምጣኔው 89 አካባቢ ነው። ከመቶ ካርቦን አንዱ ከባዱ ነው ብንል ያስኬዳል። ጤፍና ስንዴ ግን ትንሽ ይለያያሉ። ጤፍ እንደ በቆሎና ማሽላ በሙቀት የሚበረታ ዓይነት ተክል ነው፤ ካርቦን ከአየር የሚወስድበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ ይለያል። ስለዚህ ከባዱን ካርቦን ከስንዴ በተሻለ ይቀበላል። በምጣኔ ሲሰላ ጤፉ 90 አካባቢ፣ ስንዴው 91 አካባቢ ይመጣል። እንጀራና ዳቦ በካርቦናቸው ይለያሉ ማለት ነው። ከካፌው ትንሽ ወደ ላይ፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ያለችው ድንቅነሽ እንኳን በዚህ ዘዴ ተጠንታለች፤ እሷ ባትሆንም ዘመዶቿ። ከሐዳር የተገኙ የዝርያዋ ጥርሶች ካርቦን ተለክቶ በ2013 ውጤቱ ታትሟል። ከዛፍ ፍሬ ባሻገር የሣር ዘመድ የሆኑ ነገሮችንም ይበሉ ነበር።

ያን ሁሉ ታሪክ የሚያወራው ከ90 ወደ 91 ያለች ልዩነት ነች። ሰማይ ላይ ደግሞ ከ20 እስከ ከ200 በላይ እንዘላለን።

ለምን? ምክንያቱ አንዱ እርሾ ነው።

ካርቦን-12 ከዋክብት ውስጥ ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶች ሲጋጠሙ ይሠራል። ካርቦን-13ን ለመሥራት ግን በዋናነት ቀድሞ የተሠራ ካርቦን-12 ያስፈልጋል። ሃይድሮጅን እየነደደ ካርቦን-12 ላይ ፕሮቶን ሲጨመርበት፣ ትንሽ ቆይቶ ካርቦን-13 ይሆናል። ኮከቡ ሲያረጅና ሲያብጥ ከሆዱ እየቀዳ ወደ ውጭ ይተፋዋል። የተተፋው ጋዝ ለቀጣዩ ትውልድ ኮከብ ይሆናል። ሊጡ ላይ ያቀረረውን ቀድቶ ለሚቀጥለው ጋገራ እንደማስቀመጥ ነው፤ በጋገራ ብዛት እየጎመዘዘ ይሄዳል። የፍኖተ ሐሊብ፣ የጋላክሲያችን፣ መሀል ከሁሉም በላይ ስለተጋገረ እዚያ ምጣኔው ወደ 20 እና 25 ይወርዳል። ወደ ዳር በወጣን ቁጥር ይጨምራል። ፀሐያችን የተሠራችው ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው፤ የያኔውን 89 ይዛ ቀርታለች። ዙሪያዋ ያለው ጋዝ ከዚያ ወዲህ ጎምዝዟል ነው የሚባለው።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ዛሬ ጋዙ ውስጥ ያለው ቁጥር 68 ነው፣ 76 ነው ወይስ 85 ነው በሚለው ላይ ነው። 85 ከሆነ በ4.6 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተፈጠረም።

ታዲያ እዚያ ድረስ ሄዶ የሚቀዳ የለም፤ ቁጥሩ የሚገኘው በብርሃን ነው። አንዱ መንገድ ሬዲዮ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው፣ ከሰል በሚጨስበት ዝግ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ጋዝ፣ ሰማይ ላይም በብዛት አለ። በ1970 ዊልሰን፣ ጄፈርትስና ፔንዚያስ አሪዞና ኪት ፒክ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ አገኙት። ሞለኪውሉ እየተሽከረከረ በ115.27 ጊጋኸርዝ ያሰራጫል። ካርቦኑ ከባዱ ከሆነ ግን ክብደቱ ሽክርክሪቱን ያዘገየውና 110.2 ላይ ይሰማል። ሬዲዮ ላይ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 እንደምትሉት ነው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን አሉ፣ አይቀላቀሉም። የሁለቱን ጣቢያ ድምፅ ማነጻጸር ነው፣ አለቀ።

አላለቀም እንጂ። የመስቀል ደመራ ዕለት አደባባዩ ላይ ከፊት ሆናችሁ ሕዝቡን ብትቆጥሩ የምታዩት የፊት ረድፎችን ነው። ከኋላ ሌላ መቶ ሺህ ሰው ቢጨመር ለእናንተ ለውጥ የለውም። ቀላሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደዚያ ሕዝብ ነው፤ ከመብዛቱ የተነሳ ደመናው ላይ ላዩ ብቻ ይታያል። ከባዱ ግን ጥቂት ስለሆነ እስከ ጀርባው ድረስ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት የሁለቱ ድምፅ ምጣኔ ብዙ ጊዜ 5 ገደማ ይመጣል። ማንም ግን 5 ነው ብሎ አያምንም። መፍትሔው ሁለቱንም ጥቂት ማድረግ ነው። ላንገርና ፔንዚያስ በ1990 ባሳተሙት ሥራ ከባድ ኦክስጅን ያላቸውን ብቻ እየመረጡ አነጻጸሩ። ያ ጋዝ ብርቅ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም የፊት ረድፍ የለውም። ዋጋው በጣም ደካማ ድምፅ ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በዓይን የሚታይ ብርሃን ነው፤ እኔ የምወደውም ይሄንን ነው። በዐውደ ኮከብ አቅራብ ከሚባለው ጊንጥ ትንሽ ወደ ሰሜን ዜታ ኦፊዩኪ የሚባል ኮከብ አለ። በዓይን ይታያል። ግንቦት ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከአዲስ አበባ አናት ብዙም አይርቅም። ሐምሌ ላይ በምሽት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያኔ ግን የራሳችን ደመና እንጂ የእሱ ደመና አይታየንም። ይህ ኮከብ እብድ ነው። በሴኮንድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሽከረከራል። በሽክርክሪቱ ምክንያት የራሱ የብርሃን መስመሮች ተዘርግተው ሰፊ ጎድጓዳ ሆነዋል። በእኛና በእሱ መካከል ያለው ቀዝቃዛ ደመና የሚቆርጣቸው መስመሮች ግን እንደ ምላጭ ቀጭን ናቸው። ስለዚህ የኮከቡና የደመናው አይምታቱም። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ፋኖስ ነው ማለት ይቻላል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚህ ኮከብ ፊት ያለውን ሲኤን የተባለ ሞለኪውል (አንድ ካርቦን፣ አንድ ናይትሮጅን) ያጠናው የሰማይ ተመራማሪ ማኬላር ገና በ1941 ሞለኪውሉ 2.3 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ፣ ሙቀት እንዳለው ጽፎ ነበር። ማንም ትኩረት አልሰጠውም። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን የመላውን ሰማይ የጨረር ሙቀት ሲያገኙ ነው ትርጉሙ የገባቸው። ምስክሩ ቀድሞ ተናግሮ ነበር፤ ጠያቂ አጣ።

ወደ ካርቦናችን። ደመናው ውስጥ ሲኤች ፕላስ የሚባል ሞለኪውል አለ፤ አንድ ካርቦን፣ አንድ ሃይድሮጅን፣ አንድ ኤሌክትሮን የጎደለው። በሐምራዊው ጫፍ፣ 423.2 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይቆርጣል። ከባዱ ካርቦን ያለው መስመሩን 0.026 ናኖሜትር ያህል ፈቀቅ ያደርገዋል። ያቺ ፈቀቅ ያለች መስመር ከዋናዋ ሰባ ጊዜ ገደማ ታንሳለች። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሲለኳት ምጣኔው 43 መጣ። በ1991 በተሻለ መሣሪያ 67.5 መጣ። ደመናው ያው፣ ሞለኪውሉ ያው። የተለወጠው የዓይን ጥራት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር። በ1994 በሀብል ቴሌስኮፕ፣ በዚያው ኮከብ ፊት፣ በዚያው አቅጣጫ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ምጣኔ ተለካ። 167!

አሁን ማን ተሳሳተ?

ማንም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው።

የከዋክብት አልትራቫዮሌት ብርሃን ካርቦን ሞኖክሳይድን ይሰብራል። ግን በማንኛውም ቀለም አይሰብረውም፤ በተወሰኑ ቀጫጭን ቀለሞች ብቻ ነው። ቀላሉ ዓይነት ብዙ ስለሆነ ውጭ ያሉት እነዚያን ቀለሞች ውጠው ይጨርሱና ውስጥ ያሉት ይተርፋሉ። ከባዱ ዓይነት የሚሰበርባቸው ቀለሞች ትንሽ ይለያሉ፤ የሌላው ጋሻ አይከልለውም። ክረምት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ያያችሁት ነው። ተጠጋግቶ የቆመው ሕዝብ መሀሉ አይረጥብም፤ ለብቻው የቆመው ይበሰብሳል። ስለዚህ ስስ ደመና ውስጥ ከባዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እየተለቀመ ይጠፋል፣ ምጣኔው ወደ 167 ይተኮሳል። ጋዙ በጠቅላላ ግን አልተለወጠም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተናገረው ስለራሱ ነው።

ወፍራምና ቀዝቃዛ ደመና ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ኤሌክትሮን የጎደለው ከባድ ካርቦን ከተራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ሲገናኝ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ከባዱ ይገባል፣ ቀላሉ ይወጣል። ይህ ቁልቁለት ነው። ከፍታው በሙቀት ሲለካ 35 ኬልቪን ያህል ብቻ ነው፤ ለእኛ ምንም ነው። ደመናው ግን 10 ኬልቪን ነው። ነዳጅ የጨረሰች ታክሲ ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ በራሷ ትንከባለላለች፤ መመለስ ግን አትችልም። እንደዚያው ከባዱ ካርቦን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይንከባለልና እዚያው ይቀራል። ከተራረፈው የሚሠሩት ሌሎች ሞለኪውሎች ከባዱን ካርቦን ይነፈጋሉ።

የዚህ ትልቁ ማሳያ በዐውደ ኮከብ ሰውር በሚባለው በኩል ያለው ቲኤምሲ-1 የተባለ ጨለማ ደመና ነው። ርቀቱ 450 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ ቀና ብትሉ አናታችሁ ላይ ያለው ጥቁረት ውስጥ ነው፤ የፒያሳ አዲስ መብራት ካስቻላችሁ። እዚያ ሲሲኤች የተባለ ሁለት ካርቦን ያለው ሞለኪውል ተለክቷል። ከባዱ ካርቦን በአንደኛው ቦታ ሲሆን ምጣኔው ከ170 በላይ፣ በሌላኛው ቦታ ሲሆን ከ250 በላይ ነው። ሦስት ካርቦን ያለው ሳያኖአሴቲሊን ደግሞ ሦስት መልስ ሰጥቷል፤ 79፣ 75 እና 55። ከናይትሮጅኑ ጎን የተቀመጠው ካርቦን ነው 55 ያለው። አንድ ሰው በአንድ ችሎት ሦስት ቃል ሰጠ እንደማለት ነው። ለኬሚስቶቹ ግን ይህ ወርቅ ነው። ሞለኪውሉ በየትኛው መንገድ እንደተሠራ የሚያሳብቅባቸው ይኸው ልዩነት ነውና። ለሜትር ፈላጊው ግን ራስ ምታት ነው።

ታዲያ ማንን እንጠይቅ? እኔ ብሆን ሲኤች ፕላስን። ምክንያቱ አስቂኝ ነው፤ ይህ ሞለኪውል መኖር አልነበረበትም። ለመሠራት ከ4,000 ኬልቪን በላይ የሚያህል ጉልበት ይፈልጋል፤ ደመናው ደግሞ በረዶ ነው። የሚሠራው ጋዙ በኃይል የሚናወጥበትና የሚጋጭበት ቦታ እንደሆነ ይታሰባል። እዚያ ቦታ ላይ 35 ኬልቪን ዳገት አይደለም፣ ጠጠር ነው። ታክሲዋ ነዳጇ ሙሉ ነው፤ ወጥታም ወርዳም ታድራለች። ስለዚህ ከባድና ቀላል ሳይመርጥ ያገኘውን ካርቦን ያነሳል። የማያዳላ ምስክር ማለት ይሄ ነው።

በ2011 የታተመ አንድ ሥራ ይህንን ነው ያሳየው። በ13 ከዋክብት አቅጣጫ ሲለካ ሲኤች ፕላስ በአማካይ 74 አካባቢ ሰጠ፤ ከቦታ ቦታም ይህን ያህል አልዋዠቀም። ሲኤን እና ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ዋዠቁ። ያውም በተቃራኒ። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል። የዕቁብ ደብተር ይመስላል፤ አንዱ የወሰደው ከሌላው ይጎድላል፣ ድምሩ ግን ያው ነው። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተሠራ ሌላ ልኬት በዚሁ ሲኤች ፕላስ 76 ሰጥቶ ነበር። 74ና 76 ተቀራረቡ ማለት ነው።

እኔ ሜትሩን ከ68 ይልቅ ወደ 75 ባስጠጋው እመርጣለሁ። 68ን የሰጡት ሥራዎች መጥፎ ስለሆኑ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት ምስክሮችን ቀላቅለው አማካይ ያወጡ ናቸው። ግን 75 ከሆነ የእርሾው ታሪክም ረገብ ይላል። ከ89 ወደ 75 መውረድ ከ89 ወደ 68 ከመውረድ ያነሰ ነው። ደግሞም ፀሐይ የተወለደችው አሁን ባለችበት ሠፈር ላይሆን ይችላል፤ ከዋክብት በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ይሰደዳሉ። ያን ጊዜ የእሷን 89 ከዛሬ ጎረቤቶቿ ጋር ማነጻጸር፣ ጉለሌ ያደገን ሰው ቦሌ ስላገኘነው ብቻ በቦሌ ልጅ መለካት ይሆናል።

ወደ ካፌው ልመለስ። ይህን ሁሉ ናፕኪን ላይ እየጫርኩ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አሰበ።

«እንግዲያው የፕላኔቷ 31 እና 88 ሁለቱም ልክ ናቸው ማለት ነው? ምስክሩ ተለያይቶ?»

«አይደለም። ሁለቱም ጊዜ ምስክሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።»

«ታዲያ?»

ታዲያማ የእሷ ነገር የ43 እና የ67.5 ዓይነት ነው እንጂ የ67.5 እና የ167 ዓይነት አይደለም። ሁለቱም ልኬቶች ቺሊ ካለው ትልቁ የአውሮፓውያን ቴሌስኮፕ የመጡ ናቸው። የ2021ዱ ቀለምን በመካከለኛ ጥራት የሚለይ መሣሪያ ነበር። የ2024ቱ ብዙ እጥፍ የሚለይ ነው። የመጀመሪያዎቹም አልዋሹም፤ 31 ሲሉ ወደ ላይ 17፣ ወደ ታች 10 ሊሳሳት ይችላል ብለው ነበር። 88 ያሉትም 13 ወዲህ ወዲያ ብለዋል። 88 ሲቀነስ 13፣ 75 ነው። ፕላኔቷ ከሰማይ ሠፈሯ ብዙም አትለይም ማለት ነው።

«እንጦጦ ላይስ አይለካም?» አለ።

እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ለፕላኔቷ አይሆኑም። ለዜታ ኦፊዩኪ ግን ነገሩ የማይሆን አይደለም። ኮከቡ በጣም ብሩህ ስለሆነ የመስተዋቱ ስፋት ዋናው ችግር አይደለም። ችግሩ 0.026 ናኖሜትርን በንጽህና የሚለይ ስፔክትሮግራፍ (ብርሃንን በቀለም የሚከፋፍል መሣሪያ) እና ብዙ ጥርት ያለ ሌሊት ማግኘት ነው። ሌሊቱ በግንቦት ይሻላል።

ስልኩን አነሳና ግንቦት ላይ ጨረቃ የማትታይባቸውን ቀኖች መፈለግ ጀመረ። ማኪያቶው በረዶ ሆኖ ነበር።